ከኬላ እስከ ገበታ፦ የእህል ዋጋ ታሪክ በመዲናይቱ በሮች

እንጀራ በአማርኛ የምግብ ስም ብቻ አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው «እንጀራ አገኘ»፣ ሥራውን ያጣም «ከእንጀራው ተፈናቀለ» ይባላል። የእህል ዋጋ ታሪክም እንዲሁ በነጋዴ መዝገብ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ የኅብረተሰቡ የኑሮ ታሪክ ነው። ይህንን ታሪክ ለመመርመር በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ አመቺ ሥፍራዎች ናቸው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ የሆለታን፣ የጊንጪንና የአምቦን እህል ታሳልፋለች። ሰበታ የበቾን ሜዳና የወሊሶን፣ ሱሉልታም የሰላሌንና ከአባይ ማዶ የጎጃምን እህል ወደ መዲናይቱ ያስገባሉ።

በእነዚህ ከተሞች ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ሾፌሩን፣ ተሸካሚውንና ወዝ አደሩን የሚመግቡ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ጤፉ በየደጃቸው ያልፋል፤ ዋጋው ግን መርካቶ ተቆርጦ ይመለሳል። በእህል በረንዳ ደላላው ከጭነት መኪናው ላይ ጥቂት ፍሬ ዘግኖ ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሰርገኛው ይለያል። እዚያ የተቆረጠው ዋጋ በቡራዩ የምታበስለውን ሴትና የምትመግበውን የቀን ሠራተኛ ሁለቱንም ይገዛቸዋል።

ይህ የአሠራር ሥርዓት በአንድ ቀን አልተፈጠረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ ክፉ ቀን ደረሰ። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂት በሬውን ሲፈጅ ማረሻው ቆመ፤ እህልም ከሰው ዓቅም በላይ ተወደደ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአርአያነት ራሳቸው እስከ መቆፈር የደረሱት በዚያ ዘመን ነበር። ከተማይቱ ከገጠሩ በሬና ጉልበት ተለይታ ለመኖር እንደማትችል ገና በጠዋቱ ተረዳች። ከዚያ በኋላ የነበረው ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ።

በዘውዱ ሥርዓት ወደ ከተማ ይገባ የነበረው እህል ከፊሉ የተገዛ አልነበረም። ባለርስቱ ከጭሰኛው ምርት የሲሶ ወይም የእኩሌታ ድርሻ እየወሰደ፣ ቀለቡን ካስቀረ በኋላ የተረፈውን ይሸጥ ነበር። የከተማው ገበታ ርካሽ መስሎ ይታይ የነበረው ከፊሉን ዋጋ ጭሰኛው በሆዱ ይከፍል ስለነበረ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ይህንን ግንኙነት ቆረጠው። ገበሬው የባለርስቱን ድርሻ ማስረከብ አቆመ፤ ከወትሮው የበለጠ በላ፤ ለመሸጥም የሚያጣድፈው ዕዳ ቀነሰለት። በዚህም ምክንያት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው እህል ሲቀንስ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። በከተማው የጥፋት ምልክት መስሎ የታየው የዋጋ ንረት በገጠሩ በኩል የጥጋብ ምልክት ነበር።

መንግሥት የሰጠው መልስ ተመን ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት በኮታ እየሰበሰበ፣ ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ተቋሞችና ለቀበሌ ሱቆች ያከፋፍል ጀመር። ነጋዴውም ከገዛው ላይ ድርሻውን በተመን ዋጋ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ተገደደ። በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች ያለ ፈቃድ የሚጓዘውን እህል ያግዱ ነበር። ለገበሬው የሚከፈለው ተመን በ1970ዎቹ ለዓመታት ከነበረበት ሳይነቃነቅ ሲቆይ፣ ከኬላው ወዲህ ያለው የነፃ ገበያ ዋጋ ደግሞ ከተመኑ እየራቀ ሄደ። ከኬላ ማዶና ከኬላ ወዲህ ያለው እህል የአንድ ማሳ ፍሬ ሆኖ ሳለ ሁለት ዋጋ ያዘ።

ቀበሌ ሱቅ ደርሶ ራሽኑን የወሰደ ቤተሰብ ከተመኑ ተጠቅሟል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ምግብ ቤት ግን በቤተሰብ ራሽን አይሠራም፤ የጎደለውን ከነፃው ገበያ መሙላት ግድ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት የወጡን ዋጋ እንዳሻት ብትጨምር ደንበኛዋ ይሸሻል። ስለዚህ ዋጋው ባለበት እያለ እንጀራው ይሳሳል፤ ነጩ ጤፍ በሰርገኛ ይተካል፤ ማሽላ ወይም በቆሎ ይቀላቀላል፤ ሥጋው በሽሮ ይለወጣል። የዋጋ ታሪክ በቁጥር ከመጻፉ በፊት በሳህን ላይ ይጻፋል።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታውና ኬላው ተነሡ። በአምራቹ አውራጃና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ ኬላው ራሱ የዋጋ ምንጭ እንደነበረ ተረጋገጠ። ይሁንና ነፃ ገበያ ብቻውን ገበሬውን አላዳነውም። በ1994 ዓ.ም. በጥሩ ምርት ማግሥት የበቆሎ ዋጋ እጅግ በመውደቁ ወጪውን ያልመለሰ ገበሬ ብዙ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ። ለከተማው የርካሽ ገበታ ዓመት የሆነው ለገበሬው የኪሣራ ዓመት ሆነ።

በ2000 ዓ.ም. ንረቱ በመላው ዓለም ገበያ ሲቀጣጠል የአዲስ አበባ ነዋሪ በድጎማ ለሚሸጥ ስንዴ ተሰለፈ። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ሥጋን፣ ዘይትንና ስኳርን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ቢጥልም ሸቀጡ ከመደርደሪያ ስለተሰወረ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. የጤፍ ዋጋ በኩንታል ወደ 10 ሺህ ብር ሲጠጋ የሕዝቡ መነጋገሪያ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ እህል የጫኑ መኪኖች በየኬላው መቆማቸው ነበር። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት በዚያው ዓመት ነው። የአስተዳደር ስማቸው ቢለወጥም የበርነት ተግባራቸው አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዋጋ በአዋጅ ሲታገድ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። አንድ ጊዜ በጭሰኛው ጎተራ፣ አንድ ጊዜ በኬላው ደጅ፣ አንድ ጊዜም በሳሳው እንጀራ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ስለ ኑሮ ውድነት የሚጽፍ፣ የሚያስተምርና የሚያስተዳድር ሁሉ የዋጋውን ቁጥር ከመጠየቁ አስቀድሞ ከፋዩ ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። በቡራዩ መንገድ ዳር ምጣዷን የጣደችው ሴትና በጊንጪ ማሳ ሞፈሩን የጨበጠው ገበሬ በአንድ መንገድ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱን ለማጥገብ ሌላውን ማስራብ ለሁለቱም እንዳልበጀ ያለፈው ምዕተ ዓመት መስክሯል።