የሽሮ እራትና የእንጦጦ እንጨት

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ግብር መጻፍ ይወዳሉ። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ብጡል (በኋላ እቴጌ) ያሰናዱት ድግስ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ሰፍሮ እናገኘዋለን። ለመሆኑ በዚያው ተራራ ላይ፣ ድግስ በሌለበት በአዘቦት ቀን፣ አንዲት እናት ማታ ለልጆቿ ምን አቀረበች? ይህን ማን ጻፈልን? ሰው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው በአዘቦት እራት እንጂ በግብር አይደለም።

የዚህ እራት ታሪክ ከምድጃው ይጀምራል። ምኒልክ እንጦጦን መናገሻ ሲያደርጉ ተራራው ለመከላከያ አመቺ ነበር፤ ለኑሮ ግን ብርዱ ይበረታል፣ ማገዶውም ቶሎ ይመነምን ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረደ። አዲሲቱ ከተማም ብትሆን ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ ማንደዷ አልቀረም። ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሽሮን ያየን እንደሆነ የማገዶ ችግርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ምግብ ነው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው በእንጦጦ ላይ ግን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሽምብራም ሆነ ባቄላ በደጋ እንዲሁ ቢቀቀል ብዙ ሰዓት፣ ብዙም እንጨት ይፈጃል። ተቆልቶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ ሲመጣ ግን ትንሽ እሳት ይበቃዋል። ቀይ ያደረገው በርበሬም እንደ ባሕር ዛፉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ትውልዱ አሜሪካ ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከኮሎምበስ ጉዞ ወዲህ ነው።

እኔ የምኖረው እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ አክስቴ ሳይናገሩ ከክፍለ ሀገር መጡ። ቤቴ ውስጥ የነበረው ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ እናቴ የላከችልኝ ምጥን ሽሮና የትናንት እንጀራ ነበር። አከራዬ ማድ ቤታቸው እሳት ስለነበራቸው “ድስቱን ይዘህ ና” አሉኝ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ ውሃ ጨመርኩና ሲፈላ ሽሮውን እያማሰልኩ ነሰነስኩበት። ጥቂት ተንተከተከ። ደረቅ ያለውን እንጀራ ቆራርሼ ግማሹን በወጡ ፈተፈትኩት። አክስቴ አንዴ ጎርሰው፣ “ልጄ፣ ይህን ሁሉ በዚህች ቅጽበት ከየት አመጣኸው?” አሉኝ።

ጥያቄው ከምስጋናነት አልፎ የታሪክ ጥያቄ ሆነብኝ። እኔ የደከምኩት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሽሮው ግን ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተቆልቶ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ወፍጮ ቤት እስኪደርስ የእናቴን ስንት ቀን ወስዷል! እንጨቱንም በዚያው ጠዋት አንዲት ሴት ከጫካው በጀርባዋ ተሸክማ አውርዳ ለአከራዬ ሸጣዋለች። “ድንገተኛ እራት” የምንለው አስቀድመው በሌሎች ጉልበት የተሠሩ ብዙ ቀናት ናቸው።

የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚዎች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ጭነው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ኖረዋል። ለእንጀራ ምጣድ የሚሆነውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው ያመጡልንም እነርሱ ናቸው። የደን ጠባቂ ያሳድዳቸው ነበር። ከመካከላቸው ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሽመና የጀመሩ አሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመናፈሻ ስፍራ ሆኗል፤ ቢሆንም በራጉኤል መንገድ እንጨት ያዘለች ሴት ዛሬም ታጋጥመኛለች።

ቤተ መንግሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረው፤ ማድ ቤታችን ግን የለውም። እናቶቻችንና እነዚህ ሴቶች በሕይወት ሳሉ ብንጠይቃቸው ምን ይጎዳናል? አንድ ሸክም እንጨት ስንት ይሸጥ ነበር? የስንት ቀን እራት ያበስል ነበር? ሽሮው በዓመት ስንት ጊዜ ይሰናዳ ነበር? ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣስ ወጡ ላይ ስንት ጣሳ ውሃ ይጨመር፣ የማንስ ድርሻ ይቀነስ ነበር?