ቤተ መዘክር እንደ ሥዕል ትምህርት ቤት፦ የሉቭር ልምድ

የሰውን አካልና መልክ መንደፍ በምን ቅደም ተከተል መማር ይገባል የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ትምህርት ታሪክ ረጅም ዕድሜ አለው። የፈረንሳይ አካዳሚ ለዚህ የሰጠው መልስ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። ተማሪው በመጀመሪያ የታተሙ ምስሎችንና ንድፎችን ይገለብጣል፤ ቀጥሎ የጥንት ሐውልቶችን የጀሶ ቅጂ ይነድፋል፤ በመጨረሻም ከሕያው ሰው ይሠራል። የሁለተኛው ደረጃ ጥቅም ግልጽ ነው። ሐውልት አይንቀሳቀስም፣ አይደክምምም፤ ስለሆነም ተማሪው የአካላትን መጠን፣ ብርሃንንና ጥላን በእርጋታ ለማጥናት ይችላል።

ይህ ዕድል ለብዙዎች የተስፋፋው የፓሪሱ የሉቭር ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1793 ከተከፈተ ወዲህ ነው። በአብዮቱ የዘመን አቆጣጠር መሠረት ሳምንቱ ዐሥር ቀን ስለነበር፣ አምስቱ ቀን ለሠዓልያን ሲመደብ ለሕዝብ የተተወው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ይህም ቤተ መዘክሩ ከመነሻው መማሪያ ጭምር ተደርጎ መታሰቡን ያስረዳል።

በተለይም በመደበኛው ትምህርት ቤት በር ለተዘጋባቸው ሰዎች የሉቭር አዳራሾች ትልቅ ትርጉም ነበራቸው። በፓሪስ የሚገኘው የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ቤርት ሞሪዞ በ1858 በሉቭር ገልባጭነት ተመዝግባ ነበር፤ በ1866 ወደ ፓሪስ የመጣችው አሜሪካዊቱ ሜሪ ካሳትም በዚያው ተምራለች። ትምህርት ቤቱ ያልተቀበለው ፖል ሴዛንም የፒዬር ፑዤን ሐውልቶች እስከ እርጅናው ድረስ ይነድፍ ነበር።

ግልበጣ የፈጠራን ችሎታ ያቀጭጫል የሚል ተቃውሞ ሲነሣ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በ1853 በገልባጭነት የተመዘገበው ኤድጋር ደጋ በመቶ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ከሠራ በኋላ የራሱን አዲስ መንገድ ለመክፈት በቅቷል። ልዩነቱ ያለው በአገላበጡ ዓላማ ላይ ነው። አንገት ከትከሻ ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ እየጠየቀ የሚነድፍ ተማሪ የሚቀስመው መፍትሔውን እንጂ መስመሩን ብቻ አይደለም። ዛሬም ሉቭር ለገልባጮች ፈቃድ ሲሰጥ፣ የቅጂው መጠን ከዋናው የተለየ እንዲሆንና የሠዓሊው ፊርማ እንዳይገለበጥ ያዛል።

ቤተ መዘክርንና ትምህርት ቤትን አጣምሮ የያዘው የቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም የተማሩበት ነው። እርሳቸውም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥርተዋል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲታቀድ፣ በአካባቢው የሚገኝ ቤተ መዘክር ለጉብኝት ብቻ ሳይሆን፣ እርሳስና ወረቀት ተይዞ ተደጋግሞ የሚኬድበት የመማሪያ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።