ንድፍ ማመንጨት፦ ከአውሮፕላን ግድግዳ እስከ ቆቦ ማሳ

የቆቦ ሜዳ አፈር አይታማም፤ የሚያስቸግረው ውኃው ነው። ዝናቡ አንድ ዓመት ዘግይቶ ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ቀድሞ ይቋረጣል። የራያ ገበሬ ከደጋ የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ወንዞች ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ማሽላውን ሲያጠጣ ኖሯል። በቅርብ አሥርት ዓመታት ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ፓምፕ ተተክሎላቸዋል፤ በከፊሉ ማሳ ላይም የጠብታ መስኖ ጎማ ተዘርግቷል።

በዚያ ጎማ ላይ በየርቀቱ አንድ አንድ ነጣቢ አለ። ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ግፊት የሚያመጣጥነው ዓይነት ሲከፈት ውስጡ ስስ ሲሊኮን፣ ጠባብ ቦይና ቀዳዳ ይታያል። የውኃው ግፊት ሲበረታ ሲሊኮኑ ይጎብጥና መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ በዚህም ለፓምፑ የቀረበውም የራቀውም ተክል እኩል ይጠጣል። ችግሩ ሥራውን ለመጀመር የሚፈልገው ግፊት ነው። የተለመዱት 1 ባር ገደማ ይጠይቃሉ፤ ይህም ውኃን 10 ሜትር ሽቅብ እንደመግፋት ያለ ጉልበት ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው መብራት ወይም ናፍጣ ገዢው ነው።

በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በአሞስ ዊንተር የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ይህን ግፊት ለመቀነስ ተነሣ። መጀመሪያ የቦዩ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ሲቀየር የውኃው ፍሰት እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ ቀመር አወጡ። ከዚያ ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ ብዙ ዓይነት ቦይ ይፈጥራል፣ ይፈትናል፣ ደካሞቹን ይጥላል፤ የተሻሉትን እርስ በርስ አዳቅሎ፣ ጥቂት ለውጥ ጨምሮበት፣ እንደገና ይፈትናል። የራያ ገበሬ ከደጋሊት ወይም ከጅጉርቴ ማሽላው መካከል ያማረውን ራስ መርጦ ለዘር እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ብዙ ትውልድ በአጭር ጊዜ ማሳለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት በ0.15 ባር ሥራ የሚጀምር ነጣቢ ነበር፤ ከተለመደው ሰባት እጥፍ ገደማ ያነሰ።

ነጣቢው የመጣበት መንገድ ጄኔሬቲቭ ዲዛይን ከሚባለው አሠራር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መሐንዲሱ ቅርጹን አይስልም። የሚሸከመውን ክብደት፣ የሚታሰርበትን ቦታ፣ የሚሠራበትን ብረት ወይም ፕላስቲክ፣ መነካት የሌለበትን ክፍል ይዘረዝራል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁኔታውን የሚያሟሉ ብዙ አማራጮች ያቀርባል። በአማርኛ «አመንጪ ንድፍ» ሊባል ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሚያመነጨው ማሽኑ እንጂ ንድፉ አይደለምና፣ ኃይል ማመንጨት እንደሚባለው ሁሉ «ንድፍ ማመንጨት» ቢባል ይሻላል።

የሒሳብ መሠረቱ አዲስ አይደለም። ቤንድሶና ኪኩቺ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ጭነት ከማይሸከም ቦታ ቁስን እየቀነሱ ቅርጽ የሚወጣበትን ስልት አሳይተዋል። ወደ ፋብሪካ በስፋት የገባው ግን የኮምፒውተር አቅም ሲያድግና የሦስት አውታር ማተሚያ ሲመጣ ነው። ኤርባስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሶፍትዌር አምራቹ አውቶዴስክ ጋር ለኤ320 አውሮፕላን የሠራው የውስጥ መለያያ ግድግዳ ከቀድሞው 45 በመቶ ይቀልላል፤ በሰማይ ላይ ደግሞ ክብደት ነዳጅ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 የመቀመጫ ቀበቶ የሚታሰርበትን ብረት ለሶፍትዌሩ ሰጥቶ ከ150 በላይ አማራጭ አገኘ። የተመረጠው ስምንት ቁርጥራጮችን በአንድ ተክቶ፣ 40 በመቶ ቀልሎ፣ 20 በመቶ ጠንክሮ ወጣ። የጣሊያኑ የቤት ዕቃ አምራች ካርቴል ሳይቀር ንድፍ አውጪው ፊሊፕ ስታርክ በዚህ መንገድ ያስወጣውን ወንበር እ.ኤ.አ. በ2019 ሚላኖ ላይ አሳይቷል፤ እርግጥ ለወንበር ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልግ እንደሆነ ያጠያይቃል።

ከማሽኑ የሚወጣው ቅርጽ ብዙ ጊዜ አጥንት ወይም የዛፍ ሥር ይመስላል። ይህን በቶርኖና በብየዳ ለሚኖር የወልድያ ወይም የኮምቦልቻ ጋራዥ ማቅረብ ቀልድ ነው። ደግነቱ የአሠራሩ ዓይነትም እንደ ግዴታ ሊሰጥ ይችላል። «ከላሜራ ተቆርጦ የሚወጣ ብቻ» ወይም «በፍሬሳ የሚሠራ ብቻ» ከተባለ ማሽኑ በዚያው አጥር ውስጥ ይፈልጋል። ያልተነገረውን ግን አያስብም። ውኃው ደለል እንደሚይዝ ካልተነገረው፣ በወረቀት ላይ ድንቅ የሆነ፣ ማሳ ላይ ግን በሳምንት የሚደፈን ቦይ ሊያወጣ ይችላል።

ቁጥሩም በየአካባቢው መታየት አለበት። በኤምአይቲው ነጣቢ የፓምፑ ጉልበት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል መባሉ ውኃው ቅርብ ለሆነበት ማሳ ይሠራል። ጉድጓድ ላይ ስሌቱ ሌላ ነው። ውኃው ከ40 ሜትር ጥልቀት የሚሳብ ነው እንበል። ለተለመደው ነጣቢ 10 ሜትር ሲጨመር ፓምፑ 50 ሜትር ይገፋል፤ ለአዲሱ 41.5 ሜትር። በቱቦና በማጣሪያ የሚባክነውን ትተን፣ ቁጠባው 17 በመቶ ነው። ናፍጣ ለሚገዛ ሰው 17 በመቶም ቀላል አይደለም፤ ግማሽ ተብሎ የተሸጠለት ግን ቅር ይለዋል።

ስለዚህ የቆቦን ጥያቄ ቆቦን የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው ይበጃል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ሥራ ሲመርጡ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የደለሉን መጠንና የጋራዡን መሣሪያ ለክተው ለማሽኑ የሚያስገቡበትን አንድ ርዕስ ቢጨምሩ መልካም ነው።