የቆቦ ምሳ፣ ያለ ቆቦ ስም

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚሄድ መኪና በምሳ ሰዓት ቆቦ ላይ ከቆመ፣ ተሳፋሪው ተንጋግቶ የሚገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ብዙውን ጊዜ «ሆቴል» ተብሎ ተጽፏል። አልጋ ግን አይጠይቁ፤ ላይኖር ይችላል። ቃሉ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እኛ ሲደርስ መነሻው የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ «ሆስፒታል»ም ከዚያው ግንድ ነው። የእኛ ከተሞች ማደሪያነቱን ነጥቀው መብሉን ተዉለት።

ምሳ ከማንም አልተዋስነውም። ግእዙ ምሳሕ ነው፤ የቀን መብልንም ግብዣንም ይጠራል። ትግርኛ ዛሬም ምሳሕ ይለዋል። አማርኛ የጉሮሮዋን ሐ ስላላላት ምሳ ሆኖ ቀረ። ከቆቦ ዋጃን አልፎ አላማጣ ለሚዘልቅ መንገደኛ ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም፤ ሁለቱም አጠራር በአንድ ገበያ ይሰማል። ቁርስ ደግሞ ከ«ቆረሰ» ወጣ፤ እንጀራውን ወይም ዳቦውን የቆረሰችው እጅ ስሟን ለማለዳው ምግብ ሰጠች።

ይህ የእጅ ነገር ሜኑውን ሲከፍቱ ይብሳል። ጥብስ ከጠበሰ፣ ቅቅል ከቀቀለ፣ ክትፎ ከከተፈ፣ ፍርፍር ከፈረፈረ፣ ጎረድ ጎረድ ከጎረደ። ሜኑአችን በአብዛኛው የግሥ ዝርዝር ነው፤ ሥጋው ምን እንደተደረገ ይነግረናል፣ የት አገር እንደዚያ እንደሚደረግ ግን አይነግረንም። ክትፎ የጉራጌ መሆኑን የምናውቀው ከቃሉ አይደለም፤ ከሰዉ ሰምተን ነው። የአገር ስም የምንሰጠው ገና ላልበሰለው ነው፦ የአደአ ጤፍ፣ የቆቦ ጤፍ፣ የሐረር ቡና፣ የይርጋጨፌ ቡና። ምጣድ ላይ ሲወጣ ጤፉም አገሩን ይረሳል።

ጃፓኖች በዚህ ከእኛ ይለያሉ። «ሳኑኪ ኡዶን» የሚባለው ወፍራም የስንዴ ፓስታቸው፣ ሳኑኪ በምትባል የጥንት አውራጃ ስም ይጠራል፤ ቦታዋ ዛሬ በሺኮኩ ደሴት ላይ ያለችው ካጋዋ ናት። ለእንዲህ ዓይነቱ ምግብ ሁሉ የወል ስም አላቸው፤ «ክዮዶ ርዮሪ» ይሉታል። «ክዮዶ» የሚጻፍባቸው ሁለት ምልክቶች መንደርና አፈር ማለት ናቸው፤ የ«ርዮሪ» ደግሞ መለካትና ማሰናዳት። የአንድ ቀዬ ምግብ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ከፍቶ ደጃፉ ላይ የአውራጃውን ስም መስቀል እዚያ የተለመደ ነው፤ ምሳ ፈላጊው የሚገባው «ጃፓን ምግብ» ብሎ ሳይሆን የእነ እገሌን አገር ምግብ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የግብርና ሚኒስቴራቸው የገጠር ቀዬ ምግቦችን መቶ አድርጎ ሊመዘግብ ተነሣና 99 ብቻ መረጠ። መቶኛውን እያንዳንዱ ሰው የራሱን መንደር ምግብ ይሙላበት ብሎ ክፍት ተወው። ከመዝገቡ ሁሉ እኔን የሚያስቀናኝ ይህ ባዶ ቦታ ነው።

እንደ እኛ የሚጠቀልል ቃልም አላቸው። «ዋሾኩ»፣ የጃፓን ምግብ ማለት፣ የተፈጠረው በሜይጂ ዘመን የፈረንጅ ምግብ ሲገባ ከእሱ ለመለየት ነው። የእኛም «የባህል ምግብ» ሥራው ይኸው ነው፤ ከፓስታውና ከላዛኛው ይለያል፣ እዚያው ያቆማል። ባህል ሥሩ የግእዙ «ብህለ»፣ አለ ማለት ነው፤ ብሂልም ከዚያው ይወጣል። ሲባል የኖረ፣ ከአፍ ወደ አፍ የወረደ እንደማለት። «የባህል ምግብ ቤት» የሚለው ሰሌዳ ግን ማን እንዳለው አይገልጥም። የመንዙም የወላይታውም የራያውም በአንድ ትሪ ይጠቃለላል።

ራያ ደግሞ ስም የጎደለው አገር አይደለም። በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል የተዘረጋው የቆቦ ሜዳ ከጤፉ ጋር የማሽላ አገር ነው፤ የሚበላውን እንዴት እንደሚጠራ ለማየት ከሆቴሉ ወጥቶ ማሳውን መመልከት ነው። የወሎ ገበሬ ለማሽላው ያወጣው ስም የበላተኛ ቃል ነው። «ወተት በጉንጬ» ይላል፤ እሸቱን ሲያኝከው አፉን የሞላውን ነገር ሲነግረን። «ማርጩቄ» ይላል፤ ማር ይፈልቅበታል ሲል። «ስንዴ ለምኔ» ይላል፤ ይህማ ከጎረቤት ደገኛ ጋር የተያዘ ክርክር ይመስላል። የአገዳውን ጣፋጭ ደግሞ ጥንቅሽ ብሎ ለልጆች ይተወዋል።

ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ስማቸው ብቻ አይደለም የሚጣፍጠው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር በሺዎች መርምረው፣ ማሽላ በተለምዶ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት የያዙ ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም የወሎ ነበሩ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ገበሬው ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ይዘራቸውና በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላቸዋል። ጉንጭ የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ የገባው በዚህ ይመስለኛል፤ ለጎተራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይወጣለት ነበር።

ምርምር ጣቢያ የሚያወጣው ስም ሌላ ጠባይ አለው። ግራና አንድ የተባለው ዘር የቦታ ስም ነው፤ ጎብየም ከቆቦ በታች ያለችው ከተማ ስም ነው። ጎብየና አብሽር አቀንጭራ የሚባለውን አረም እንዲቋቋሙ በፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ምርምር የተገኙ ዘሮች ናቸው፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አብሽር ዐረብኛ ነው፣ ደስ ይበልህ ማለት። ወሎ ቃሉን አይዞህ አድርጎ ከያዘው ቆይቷል። የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም ማሳው ውስጥ ለገባበት ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣ ነበር?

እነዚህ ስሞች ማሳ ውስጥ ቀርተው ሜኑው ላይ ጥብስና ፍርፍር ብቻ መጻፉ አይገባኝም። ቆቦ ላይ ምሳ የምታቀርቡ ባለቤቶች ሆይ፣ በእሸት ወቅት አንድ መስመር ጨምሩ፤ «የተጠበሰ ወተት በጉንጬ» ብላችሁ ጻፉ፣ እንጀራውም የየትኛው ማሽላ እንደሆነ በስሙ ጥሩት። አንባቢም ራያ አያት ካላችሁ፣ የማሽላውን ስም ሁሉ ጠይቃችሁ መዝግቡልን።