ችሎት ያልደረሰ መዝገብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በስምጥ ሸለቆው ጎዳና ላይ በምትገኘው በመቂ አንድ ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያዡን ፖሊስ ሰዓት ያስቆጥረው ነበር። ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ካለ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛውም በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አብልጦ አይፈቅድም። ሕጉ በየአገሩ ምን ያህል እንደተከበረ ሌላ ጥያቄ ነው። ቢያንስ ግን የመቂን መንገድ ርዝመት እንኳ ያሰበ ሕግ ነበር።

የ1966ቱ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ሲፋፋም፣ የቀድሞ ባለሥልጣናትን በደልና የወሎን ረሀብ ተጠያቂነት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን በሰኔ ወር ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሳሰሉ ምሁራን ያሉበት ይህ ኮሚሽን ቃል ይቀበል፣ ሰነድ ይመረምር ጀመር። ከሚያዝያ 1966 አንሥቶ በወታደሮች እጅ የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ለኮሚሽኑ መልሳቸውን ከእስር ቤት ሆነው በጽሑፍ አዘጋጁ። እስረኛው ይጽፋል፤ መርማሪው ያነባል፤ ቀጥሎ ክስ፣ ከክሱም በኋላ ችሎት ይጠበቃል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው የመጀመሪያው አዋጅ፣ ይግባኝ የሌለው የጦር ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም አስታወቀ። ኅዳር 7 ቀን ደግሞ ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁመው አዋጅ፣ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግ ተከታትለው ወጡ። ይግባኝ የተነፈገው ተከሳሽ መከራ ላይ መሆኑ ባያጠራጥርም፣ ወታደራዊው መንግሥት ራሱ በጻፈው ሕግ ቢያንስ ዳኛና ችሎት ተመድበውለት ነበር።

ይሁንና ከ7 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ 60 ያህል ሰዎች በአዲስ አበባው ወህኒ ቤት ተረሸኑ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና በእግራቸው የተተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ እንዲሁም ከፍተኛ የጦር መኮንኖች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ውሳኔውን የሰጠው የደርግ ስብሰባ እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም። የመርማሪ ኮሚሽኑም ሥራ ገና አላለቀም ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት እስከ ከርቸሌ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ሌሊት በመካከሉ አንድም ዳኛ አልተገኘም። ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶች በኋላ ተሰይመው ሌሎችን ሲዳኙ፣ ለእነዚህ የተከፈተ የክስ መዝገብ አልነበረም።

የአክሊሉ መልስ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታተመ። በአገራችን በደራሲ ፈቃድ ሳይሆን በመርማሪ ጥያቄ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ቢያነበው፣ የሚሟገተው ተዋናይ ቀርቦ ዳኛው ከመድረክ የቀረበትን ትዕይንት ያገኛል።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መሪዎቹ በተራቸው ታሰሩ። በ1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን ያቋቋመው አዋጅ፣ እስረኛ አካሉን ነፃ ለማውጣት የሚያቀርበው አቤቱታ በእነርሱ ጉዳይ ለ6 ወር እንዳይሠራ አደረገ። ክሱ ጥቅምት 1987 ሲቀርብ፣ ታሳሪዎቹ ከ3 ዓመት በላይ ጠብቀው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ችሎቱ ተሰየመ፤ ጠበቃ ቆመ፤ ምስክር ተሰማ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ የኅዳር 14ቱ ግድያ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት፣ ሌሎች ደግሞ በአካል ቀርበው፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ።