የሞምባሳው ቃዲና ጀርመናዊው ሰባኪ

 

የሚሲዮናውያን ነገር ሲነሳ በየቤታችን የምንሰማው ከሁለት አንዱን ነው። አንዱ ወገን «ሁሉም የቅኝ ገዢ ሰላዮች ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ትምህርት ቤቱንም ሐኪም ቤቱንም ያመጡልን እነሱ ናቸው» ይላል። ሁለቱም ግን አንድን ሰው ከወላጆቹና ከአገሩ ነቅሎ ባሕር ያሻገረው ምን እንደሆነ፣ ሲመጣም ሙስሊሙ እንዴት እንደተቀበለው አይነግሩንም። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን የአንዱን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ዓመታቱን፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላል። በ1810 በደቡብ ጀርመን፣ ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር በ1837 ወደ አገራችን ላከው። ትግራይ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ በ1838 ተባረረ። በዓመቱ ግን ኢሰንበርግ ከተባለ ባልደረባው ጋር በታጁራ በኩል ዞሮ ሸዋ ገባ። ልብ በሉ፤ ያንን በረሃ አሻግረው ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ያደረሱት ሙስሊሞቹ የአፋር ነጋዴዎች ነበሩ።

አንኮበር ላይ ሦስት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ንጉሡ ይፈልጉ የነበረው መድኃኒት፣ የእጅ ባለሙያና የጦር መሣሪያ ነው። ክራፕፍ ደግሞ ሊያስተምር ይፈልግ ነበር፤ በተለይ ልቡ ያረፈው በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ነው። ኦሮምኛ ተምሮ የማቴዎስን ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ነገር ግን በ1841 ሻምበል ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ አንኮበር መጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋል፣ በመካከል ሆኖ ቋንቋ ያስተረጎመው ይኸው ሰባኪ ነው። ከዚህ በኋላ እሱን የሃይማኖት ሰው ብቻ አድርጎ ማየት ለማንም ከባድ ይሆናል።

በ1842 እጮኛውን ሊቀበል ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። በሙስሊም ባላባቶች ይተዳደር በነበረው በወሎ ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የተባለው ገዢ ያዘው፣ ንብረቱን ሁሉ ዘረፈው፣ ባዶ እጁን ሰደደው። ይህንን የምንሸሽገው አይደለም። መንገደኛን መዝረፍ በዲናችን ሐራም ነው፤ ተዘራፊው ክርስቲያን በመሆኑ አይቀልም። ክራፕፍ እየለመነ ምፅዋ ደረሰ። ሮዚነ የምትባለውን ሙሽራውን ግብጽ ላይ አግብቶ ሲመለስ የሸዋ በር ተዘግቶ ጠበቀው። በታጁራ ሞከረ፣ አልሆነም። በምፅዋ በኩልም ሞከረ። በዚያ በሾሆ በረሃ ሚስቱ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም አልቆየችም። አባትየው ስም ያወጣላት በአማርኛ ነው፤ «እንባ» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ክራፕፍ ግን ኦሮሞን በሰሜን በኩል ካልደረስኩበት በደቡብ በኩል እደርስበታለሁ ብሎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ። በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር ገባ። የዚያ ጠረፍ ጌታ የዑማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ነበሩ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሃቦቻቸውን በ615 ወደ ሐበሻ ሲሰዱ፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ ነጃሺ እንዴት እንደተቀበላቸው ከልጅ እስከ አዋቂ የምናውቀው ነው። ዛንዚባር ላይ የሆነው በተገላቢጦሽ ነው፤ እንግዳው ክርስቲያን፣ አስተናጋጁ ሙስሊም ሱልጣን። በእርግጥ ልዩነት አለው። ሰሃቦች (ረ.ዐ.) ከግፍ ሸሽተው መጠጊያ ፍለጋ ነበር የመጡት፤ ክራፕፍ ግን ሰውን ወደ ራሱ ሃይማኖት ሊጠራ ነው፣ ይህንንም አልደበቀም። ሱልጣኑ ዓላማውን እያወቁ ለገዢዎቻቸው ደብዳቤ ጻፉለት። ደግ ሰው ነው፣ ሰዎችን ወደ አላህ ሊጠራ ይፈልጋል፣ በሄደበት ሁሉ ተባበሩት የሚል ይዘት ያለው ነበር። ሱልጣኑ ከእንግሊዞች ጋር የነበራቸው ወዳጅነት የራሱ ድርሻ እንዳለው ግልጽ ነው። ቢሆንም ቃሉ ቃል ነው፤ በዚያ ደብዳቤ ክራፕፍ በ1844 ሞምባሳ ላይ ቤት ሠራ።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ወባው ገባ። በሐምሌ ወር ሮዚነ በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች፣ ሕፃኗም ተከተለቻት። ባልየውም በዚያው ሰሞን ታሞ ተኝቶ ነበር። መቃብሯ ከሞምባሳ ደሴት ማዶ በየብሱ ላይ ነው። በሃይማኖት ብንለያይም፣ ሚስትና ሁለት ልጆች በባዕድ ምድር የቀበረን ሰው «ለጥቅሙ የመጣ» ብለን ማለፍ ከፍትሕ የራቀ ይመስለናል።

ይህ ሁሉ በደረሰበት በዚያው በ1844 ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀምሮ ነበር። አጋዡ ማን ነበር? የሞምባሳው ቃዲ ሸኽ ዐሊ ቢን ሙሕይዲን። አዎ፣ የከተማው ቃዲ! አንዳንድ አድማጫችን «እንዴት አንድ ዓሊም ለሚሲዮናዊ እንዲህ ያደርጋል?» ይል ይሆናል። የቃዲው ሐሳብ በራሱ ብዕር ተጽፎ ስላላገኘነው የልቡን አላህ ያውቃል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ቃዲው የነቢዩላህ አደምን፣ የኑሕንና የኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ከክራፕፍ ሊማር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። በእውቀቱ የሚተማመን ዓሊም ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር አንድ መጽሐፍ ላይ ለመቀመጥ አይፈራም።

የስብከቱ ውጤትስ? ክራፕፍ ባልደረባው ሬብማን በ1846 ከመጣለት በኋላ ከሞምባሳ ወጣ ብላ ባለችው ራባይ ተቀመጠ። በ1853 ጠረፉን ለቅቆ ሲሄድ ያጠመቃቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሚሪንጌ የተባለ አካለ ጎዶሎ ሰው ሲሆን እሱም የተጠመቀው ሊሞት ሲቃረብ ነው። ከሞምባሳ ሙስሊሞች ዘንድ ያገኘው ክርክር እንጂ ተከታይ አልነበረም። ክራፕፍ ስለ ኢስላም የጻፈው አብዛኛው የሚያስከፋ ነው፤ ለአገራችን ኦርቶዶክሶችም ቢሆን አልራራም።

የቀረው ሥራው ሌላ ነው። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ እሱ ራሱ በ1849 የኬንያን ተራራ አይተው ለአውሮፓ ሲጽፉ፣ ከምድር ወገብ ሥር በረዶ አለ በማለታቸው የለንደን ሊቃውንት ተሳለቁባቸው። ሬብማንና ሌላ ባልደረባው ከነጋዴዎች አፍ ለቅመው ያዘጋጁት ካርታ ግን እነ በርተንንና ስፒክን በ1857 ወደ ውስጥ አገር አስነሳ። ከዚያ በኋላ የተከተለውን ታውቁታላችሁ። ክራፕፍ ሰላይ ነበር ማለት አይደለም፤ የጠረገው መንገድ ግን ሌሎች የሚሄዱበት ሆነ። እሱም ቢሆን በ1867 የጄኔራል ናፒየር ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ ታሞ ተመለሰ እንጂ።

ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። ስዋሂሊ ከእሱ በፊት በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለ ተቡክ ዘመቻ የሚተርከው «ኡቴንዲ ዋ ታምቡካ» የተጻፈው በ1728 ነው። ክራፕፍ ግን በ1850 ሰዋስውን ሲያሳትም ላቲን ፊደልን መረጠ። ሰፊው መዝገበ ቃላቱም እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1882፣ በዚያው ፊደል ወጣ። ተከታዮቹ ሚሲዮናውያንና በኋላም የቅኝ ገዢዎቹ ትምህርት ቤቶች አጸኑት። በመድረሳ ማንበብ የተማረው ልጅ በአንድ ትውልድ ውስጥ «ያልተማረ» ተባለ።

ከዚህ የባሰም አለ። ቁርኣንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስዋሂሊ ተርጉሞ በ1923 ያሳተመው ጎድፍሬይ ዴል የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ነው! የጻፈውም ለሙስሊሞች መልስ እንዲሰጥበት ነበር። የሞምባሳ ዑለማ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሸኽ አል አሚን ቢን ዐሊ አል መዝሩዒ በ1932 «አል ኢስላሕ» የተባለ ጋዜጣ በዐረብኛና በስዋሂሊ አወጡ፤ ኋላም የኬንያ ዋና ቃዲ ሆኑ። የእሳቸው ተማሪ የነበሩት ሸኽ ዐብደላህ ሷሊሕ አል ፋርሲ ደግሞ በ1969 ሙሉውን ቁርኣን በስዋሂሊ አሳተሙ። የጻፉበት ፊደል ላቲኑ ነው።

በእኛ አገር የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከዚያው ዘመን ጋር ይገጥማል።