ስታርች ያስተማረችው ስደተኛ

በዚህ ዕትም በዕብራይስጥ «ዐሚላን» ስለሚባለው የልብስ ስታርች ታሪክ ጥቂት እንነግራችኋለን።

ከ400 ዓመት በፊት የእንግሊዝ መኳንንት «ራፍ» የሚባል፣ እጥፋቱ የበዛ የአንገት ልብስ ይለብሱ ነበር። ጨርቁ ስስ በፍታ በመሆኑ ያለ ስታርች ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሙያውን የሚያውቁት ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1564 ዲንገን ቫን ደር ፕላሰ የተባለች ሴት ለደህንነቷ ስትል ከባሏ ጋር ከፍላንደርስ ወጥታ ለንደን ገባች፤ ስታርች እያደረገችም መተዳደር ጀመረች። የለንደን ሴቶች የሥራዋን ጥራት ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ልብሳቸውን፣ በኋላም ሴቶች ልጆቻቸውን ላኩላት። እሷም በነጻ አላስተማረችም። ለትምህርቱ 4 ወይም 5 ፓውንድ፣ ስታርቹን አፍልቶ ለማዘጋጀት ደግሞ 20 ሽልንግ ታስከፍል ነበር። ይህም ለቀን ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው።

ተቃዋሚም አልጠፋም። ፊሊፕ ስተብስ የተባለ ጸሐፊ በ1583 ስታርችን የሰይጣን ሥራ አድርጎ አወገዘው። በ1590ዎቹ አዝመራ ተበላሽቶ እህል ሲወደድም ስንዴ ለልብስ መዋሉ ብዙዎችን አስቆጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስንዴው ተዘፍዝፎ ይታጠባል፤ ከውሃው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውሃ ሲፈላ ሙጫ ይሆንና ክሩን ይለብሰዋል፤ ሲተኮስም ጨርቁን ቀጥ ያደርገዋል። ሸማኔም ድሩ እንዳይበጠስ እንዲህ ያለ ሙጫ ይቀባዋል። ዛሬ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ስታርች፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ለሚሰፉ ሰዎች ይጠቅማል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ጨርቅ ሲሰፋ አይለጠጥም። ረጭታችሁ እስኪጠጣ ጠብቁ፣ ከዚያ ተኩሱ። ስፌቱ ሲያልቅ ግን እጠቡት፤ ስታርች የሚበሉ ነፍሳት አሉና።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ዲንገንም ይዛው የገባችው ሙያ ድንበር ላይ የሚወረስ አልነበረም። ከእኛ መካከል ግን እዚህ በደረስን ጊዜ «ምን ሥራ ታውቃላችሁ?» ተብለን «ምንም» ብለን የመለስን ብዙ ነን። ስንፈትል፣ ስንሸምን፣ ስንጠልፍና ሸክላ ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነበርን። እናንተ አዲስ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ስትጠየቁ የምታውቁትን ተናገሩ፤ ዋጋውንም አብራችሁ ተናገሩ።